የጣራው ውኃና የቧንቧው ውኃ

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድባል፤ አሸንዳው ሞልቶ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ግቢው ኩሬ ሆኗል። የቤቱ እመቤት ግን ከእንቅልፏ ተነሥታ ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር ደቅናለች። የሠፈሩ የውኃ ፈረቃ በዚህች ሌሊት ነው ስለ ተባለ፣ ቧንቧው «ሽው» የሚልበትን ሰዓት ትጠባበቃለች። ከጣራዋ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደው ውኃ ባልዲዎቿን ሁሉ ደጋግሞ ሊሞላ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ወንዝ ሄደ። በማግሥቱ ጧት ባለቤቷ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ያገኘዋል። የዘጋውም ጎርፍ በከፊል ከራሱ ጣራ የሄደው ውኃ ነው።

ይህ ሁኔታ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ከተማው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚያገኘው ውኃ ለሕዝቡ ብዛት አልበቃ በማለቱ፣ በብዙ ሠፈር ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ነገር ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህም ቤት ያለው ሁሉ እንደ አቅሙ የፕላስቲክ ሮቶ አቁሟል፤ ትንሽ ሻል ያለውም ፓምፕ ገዝቷል። ይሁን እንጂ በሮቶው ውስጥ የሚጠራቀመው በአብዛኛው የመስመር ውኃ ነው። የዝናቡ ውኃ እንደ ድሮው ወደ ቦይ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው፣ የጣራው ውኃና የመስመሩ ውኃ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ፓምፕ እየተገፉ አብረው ሊሠሩ የሚችሉት እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩ ለቧንቧ ሠራተኛ ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ቀስ ብለን ስንመረምረው ጎረቤትን፣ ጤናንና የከተማውን አስተዳደር የሚነካ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ከአንባቢዎቻችንም መካከል ነገ የቤት ፕላን የሚነድፉ፣ ፕላኑን የሚያጸድቁና ደንቡን የሚያረቁ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ሒሳቡ እጅግ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊሜትር የማያንስ ዝናብ ይጥላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ በእያንዳንዱ ወር 250 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ 60 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው መጠነኛ ቤት በሐምሌ ወር 15,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው። ከዚህ ላይ በመፍሰስ፣ በመትነንና ለጣራው እጥበት የሚጠፋውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 12,000 ሊትር ይቀራል። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ በቀን ለእያንዳንዱ ሰው 50 ሊትር ቢያወጣ፣ በወር የሚያስፈልገው 7,500 ሊትር ነው። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 4,500 ሊትር ያህል እንበል፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለልብስ አጠባና ለወለል የሚውል ስለ ሆነ፣ ከግድብ ተስቦ፣ ተጣርቶና መድኃኒት ተጨምሮበት የመጣ ውኃ መሆን አያሻውም።

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ደስ ያሰኛል። ቀጥሎ ያለው ግን ያን ያህል አያስደስትም። ዝናባችን በአንድ ወቅት የሚከማች ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያሉት አምስት ወራት በአብዛኛው ደረቆች ናቸው። ለመጸዳጃና ለአጠባ ብቻ የሚሆነውን ውኃ በክረምት አጠራቅሞ በጋውን ለማለፍ የፈለገ ሰው 22,500 ሊትር መያዝ ይኖርበታል፤ ይህም ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከ11 በላይ መደርደር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ያለው ሰው ምናልባት ችግሩም የለበትም።

ስለዚህ «የክረምቱን ውኃ ለበጋ ማቆየት» የሚለው ሐሳብ፣ ለአንድ ተራ የከተማ ቤት፣ መልካም ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም። የአንድ ሮቶ ጥቅም ሌላ ነው። በክረምት 30 ሚሊሜትር የወረደበት አንድ ብርቱ ዝናብ ከዚያው 60 ካሬ ሜትር ጣራ 1,440 ሊትር ያስገባል፤ ቤተ ሰቡም በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ሌላ ዝናብ ይመጣል። ሮቶው እየሞላና እየጎደለ ክረምቱን ሙሉ ይሠራል። በነዚያ ወራት ቤቱ ከመስመር የማይወስደው ውኃ ለሌላው ሠፈር ይተርፋል። ሰማዩ ሲነጥፍ ግን ቤቱ ወደ መስመሩ መመለስ አለበት። የመጠባበቂያው መስመር አስፈላጊነት ከዚህ ላይ ነው፤ እንዴት ይቀጠል የሚለው የቧንቧ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል።

የዝናብ ውኃን ማጠራቀም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የደብረ ዳሞ መነኮሳት በዚያ ገደል በከበበው አምባ ላይ የኖሩት ከዓለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የዝናብ ውኃ እያጠራቀሙ ነው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቧንቧ መስመር ከእንጦጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የወረደው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1880ዎቹ፣ በስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ነው። ሁለቱም ጥበቦች በአገሩ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ያልነበረው የሁለቱ ጋብቻ ነው፤ ለዚህም ምሳሌ ብንፈልግ ወደ አውስትራሊያ መሻገር ይኖርብናል። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አውስትራሊያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2009 ገደማ በቆየ ብርቱ ድርቅ ተመታች። በዚያ ድርቅ ውስጥ በብሪዝበን ከተማ ዙሪያ ያሉት ግድቦች በ2007 ከሚይዙት ውኃ ከመቶ 20 እንኳ አልነበራቸውም። የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት በ2004 ባወጣው ደንብ አዲስ የሚሠራ ቤት ከመስመር የሚወስደውን ውኃ እስከ 40 በመቶ እንዲቀንስ ጠየቀ። ደቡብ አውስትራሊያ በ2006፣ ኩዊንስላንድም በ2007 ተከተሉ። በኩዊንስላንድ ለአዲስ ቤት የተለመደው 5,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ነበር። ማጠራቀሚያው ለአትክልት ብቻ ሳይሆን ከመጸዳጃ ቤቱና ከልብስ ማጠቢያው ጋር እንዲቀጠል ተደረገ።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ውኃው ከጣራው በአሸንዳ ይሰበሰባል፤ ቅጠልና ቆሻሻ እንዳያልፍ በወንፊት ይጣራል። ከደረቅ ቀናት በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ማጠራቀሚያው አይገባም፤ በስተ ጎን በቆመ ቧንቧ ውስጥ ተይዞ ኋላ ይደፋል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ቢጣል ይበቃል፤ ለ60 ካሬ ሜትር ከ30 እስከ 60 ሊትር መሆኑ ነው። ከማጠራቀሚያው ሥር ፓምፕ አለ። በቤቱ ውስጥ አንድ ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ይህን ያወቀው አውቶማቲክ ፓምፑን ያስነሣዋል፤ ሲዘጋም ያቆመዋል። ከፓምፑ ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ መቀያየሪያ ተቀምጣለች። ማጠራቀሚያው ሲጎድል ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ይህች መሣሪያ የጣራውን ውኃ ዘግታ የመስመሩን ትከፍታለች። ዝናብ ሲመጣም መልሳ ትቀይራለች። ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ውኃው ይቀጥላል።

ይህ በጣም የሚያምር አሠራር ነው። መሣሪያውም ዛሬ በማንኛውም አገር ተገዝቶ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ገዝቶ ከማምጣት በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፤ መሣሪያው ከጀርባው ምን እንዳለ ገምቶ ነው የተሠራው? መልሱ ግልጽ ነው። የመስመሩ ውኃ ሌሊትም ቀንም፣ በሙሉ ግፊት፣ ከበሩ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ገምቶ ነው። በብሪዝበን ወይም በሲድኒ ግምቱ ትክክል ነው። በአዲስ አበባ ግን ሮቶው በጎደለበት ሰዓት መቀያየሪያዋ የመስመሩን በር ብትከፍት፣ ፈረቃው የሚመጣው ከነገ ወዲያ ከሆነ የምትከፍተው ባዶ ቧንቧ ነው። በእኛ ከተማ ሰማዩም መስመሩም ሁለቱም በፈረቃ ይሠራሉ።

ስለዚህ መሣሪያውን ሳይሆን ሐሳቡን መቅዳት ይሻላል። እንደ ሁኔታችን ከሆነ አንድ ሮቶ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። አንደኛው የመስመሩን ውኃ በፈረቃው ቀን ይቀበላል፤ ይህ የሚጠጣውና የሚበሰልበት ነው፤ የጣራ ውኃ ፈጽሞ አይደርስበትም። ሁለተኛው የጣራውን ውኃ ይይዛል፤ መጸዳጃውን፣ ልብሱንና ወለሉን ያገለግላል። ሁለተኛው በበጋ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ጥቂት ጥቂት ይሞላለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ የመስመሩ ውኃ ሁልጊዜ ሮቶውን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ እንግዲህ ዝናቡ ሲመጣ ቦታ አያገኝም፤ በትርፍ መውጫው በኩል ተመልሶ ወደ ቦይ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቤት ለአሸንዳውም ለፓምፑም ገንዘብ አውጥቶ ያተረፈው ነገር የለም። ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ከሮቶው ቁመት አንድ አራተኛ ግድም ላይ መታሰር አለበት። የመስመሩ ውኃ ለጥቂት ቀን የሚሆነውን ብቻ ሞልቶ ይቆማል፤ የቀረው ሦስት አራተኛ የዝናቡ ድርሻ ነው።

የመስመሩ ቧንቧ አፍ ግን ከላይ፣ ከአየር ላይ መቅረት አለበት። ይህን ነገር የቧንቧ ሠራተኛው «ምን ልዩነት አለው?» ብሎ ሊያልፈው ይፈልግ ይሆናል፤ ባለቤቱ እሺ እንዳይል። የቧንቧው አፍ በሮቶው ውኃ ውስጥ ከተጠለቀ፣ የመንገዱ መስመር ግፊት በቀነሰ ጊዜ ቧንቧው እንደ መቅጃ ጎማ ሆኖ የሮቶውን ውኃ ወደ ኋላ ይስበዋል። የወፍ ኩስ የነካው የጣራ ውኃ ወደ ሠፈሩ ቧንቧ ገባ ማለት ነው። ውኃን አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትጣበቅበት ክፍት ሆኖ ይቀራል። አየር ግን አይበላሽም። በብሪታንያ በ1999 የወጣው የውኃ ዕቃዎች ደንብ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ከመስመር ውኃ ሲሞላ በመካከላቸው የአየር ክፍተት እንዲኖር ያስገድዳል። የተለመደው ልክ ከቧንቧው አፍ ስፋት ሁለት እጥፍ፣ በማንኛውም ሁኔታ ከ20 ሚሊሜትር የማያንስ ነው። ሁለት ጣት ያህል አየር ማለት ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ይህ ከንቱ ጥንቃቄ እንዳይመስል በ1933 በቺካጎ የደረሰውን እናስታውስ። በዚያ ዓመት በከተማይቱ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ይታይ ነበር። በሁለት ሆቴሎች ውስጥ የመጠጥ ውኃው ቧንቧ ከቆሻሻው ጋር የሚገናኝበት ጉድለት ስለ ነበረ፣ የአሜባ ተቅማጥ በእንግዶቹ ላይ ወረደ። ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመው 98 ሞቱ። እንግዶቹ ወደየአገራቸው ተመልሰው ሄደው ስለ ነበር፣ በሽታው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። ሆቴሎቹ የድኾች ማደሪያ አልነበሩም፤ በውኃ እጥረት በማትታወቅ ከተማ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ግፊቱ በየቀኑ በሚወርድበትና በሚወጣበት መስመር ላይ ደግሞ አደጋው የሚመጣበት አጋጣሚ ይበዛል።

አሁን ወደ ፓምፑ እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ገዝቶ ነበር። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ፓምፑን ከቆጣሪው ቀጥሎ በመስመሩ ላይ ገጠመው። «ሮቶው እስኪሞላ ምን አስጠበቀህ? ይሄ ራሱ ከመንገድ ስቦ ያመጣልሃል» አለ። እውነቱን ነበር፤ አመጣ። ሮቶው በግማሽ ሰዓት ሞላ። ደስታውም ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ የጎረቤት እማማ አንድ እሑድ ጧት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና፣ «ልጄ፣ እናንተ ቤት ያ ነገር ሲጮኽ የኛ ቧንቧ ይተነፍሳል፤ ጣቴን ባስጠጋ ይስበኛል፤ ምንድን ነው?» አሉ። ምን እንደ ሆነ ከነገሯቸው በኋላ መልስ አልሰጡም፤ «እንዲያ ነው?» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። በማግሥቱ ፓምፑ ከመስመሩ ላይ ተነቀለ።

እማማ በጣታቸው ያወቁትን መሐንዲሶች በመሣሪያ ይለኩታል። መስመሩ የሠፈሩ የጋራ ነው፤ ግፊቱም የጋራ ነው። አንድ ቤት በፓምፕ ሲስብ ውኃ አይጨምርም፤ የሌላውን ድርሻ ወደ ራሱ ያዞራል። ይህን ያየው ሁለተኛው ጎረቤት እሱም ፓምፕ ይገዛል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ፓምፕ ይኖራቸዋል፤ ውኃው ግን ያው ነው፤ ባዶ እጁን የሚቀረው ፓምፕ መግዛት የማይችለው ብቻ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። ቧንቧው በውስጡ ግፊት ሲኖረው፣ ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ውኃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ አይገባም። በፓምፕ ሲሳብ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መስመሩ በጭቃና በፍሳሽ መካከል ባለፈበት ሁሉ በየስንጥቁ ይጠጣል። ስለዚህ ፓምፑን የገጠመው ሰው ራሱም የሚጠጣው ይህንኑ ነው። በብሪታንያ ደንብ መሠረት በደቂቃ ከ12 ሊትር በላይ የሚስብ ፓምፕ ከመስመር ጋር ለመቀጠል አስቀድሞ የውኃ ድርጅቱን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ትንሹ የቤት ፓምፕ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ሊስብ ይችላል። በብዙ የሕንድ ከተሞች ደግሞ በመስመር ላይ ፓምፕ መቀጠል ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ ያም ሆኖ ክልከላውን በየቤቱ ማስከበር እንዳስቸገራቸው አልቀረም።

ስለዚህ ስለ ቤት ፓምፕ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ፈረስ ነው?» መሆን የለበትም። «ከየት ነው የሚስበው?» ነው። ፓምፑ ከባለቤቱ ሮቶ ወደ ባለቤቱ ቧንቧ የሚገፋ ከሆነ ማንንም አይነካም። የመስመሩ ውኃ በራሱ ግፊት ወደ ሮቶው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ የግል ጉዳይ ነው።

የዚያው ፓምፕ ሁለተኛ ታሪክ አጭር ነው። ከመስመሩ ተነቅሎ በሮቶው ሥር ከተገጠመ በኋላ አንድ ቀን ሮቶው አለቀ፤ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር፤ ፓምፑም ውኃ እያለ መስሎት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በደረቁ ሲዞር ዋለ። ማታ ሲደረስ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በሚገፋው ውኃ ነው፤ ውኃ ሲያጣ ራሱን ይበላል። ሮቶው ሲጎድል መብራቱን የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ዋጋው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሻጩም ሠራተኛውም ስሙን አላነሡም። የመሬት ሽቦውንም አላነሡትም ነበር። ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ በሚገናኙበት ጊዜ ይህ ሽቦ ሳይኖር ፓምፕ ማስነሣት በልጆች ሕይወት መጫወት ነው፤ ለዚህም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት እንጂ የቧንቧ ሠራተኛው «እሱንም እኔ እሠራዋለሁ» ሲል እሺ ማለት አይገባም።

ስለ መብራት ፍጆታው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ 1,000 ሊትር ለመግፋት ትንሹ ፓምፕ የሚፈጀው ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። የሚያስጨንቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ለዚህም የታወቀው መላ አንዲት አነስተኛ ሮቶ ከፍ ባለ ማማ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ፓምፑ መብራት ባለ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከዚያ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በ3 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ግፊቱ ደካማ ነው፤ መታጠቢያው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ግን ይወርዳል። ለምድር ቤት ይህ ይበቃል፤ ፎቅ ላለው ግን አይበቃም።

የጣራው ውኃ ይጠጣል ወይ? ባይጠጣ ይመረጣል። ቆርቆሮው የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ፣ ዛፍ የተጠጋው፣ እርግብ የሰፈረበት ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው። መስመሩ ለሳምንት ጠፍቶ ግድ ከሆነ ግን ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም፤ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ የዝገቱንና የቀለሙን ብክለት አያስወግድም። በጣራ ውኃ የሚሠሩት ቧንቧዎች ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ እንግዳና ሕፃን ቧንቧ አይመርጡም።

ወንፊቱንም እንደ ጌጥ ማየት ስሕተት ነው። በድሬዳዋ በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በረግረግ ሳይሆን በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ የምትራባ ናት። ውኃ የሚያጠራቅመው ሰው የውኃ እጥረት ያለበት ነውና፣ እጥረቱና በሽታው በአንድ በርሜል ተገናኙ። በቆላ ከተማ ክዳንና ደቃቅ ወንፊት የሌለው ማጠራቀሚያ ከሚቆም ባይቆም ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ጣራና ግቢ ላለው ሰው ነው። ብዙ ወጣት ሹም ግን ዛሬ የሚኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ ከጣራውም የሚደርሰው አንድ እጁ እንኳ የለም። ነገሩን በጋራ ካዩት ግን ሒሳቡ አያሳፍርም። 300 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው 20 ቤተ ሰብ የሚኖርበት ሕንፃ በሐምሌ ወር ኪሳራው ተቀንሶ 60,000 ሊትር ያገኛል። ለእያንዳንዱ ቤት በቀን 100 ሊትር ይደርሰዋል። መጸዳጃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር የሚጠቀም ከሆነ፣ ከዐሥር ጊዜ በላይ ይበቃል። የሚያስቸግረው ቧንቧው አይደለም፤ የፓምፑን መብራት ማን ይከፍላል፣ ወንፊቱን ማን ያጥባል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ከምድር ቤቱ እኩል ይክፈል ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የነዋሪዎች ማኅበር በስብሰባ ካልጨረሰው ማንም መሐንዲስ አይጨርሰውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን የመሥሪያ ቤቶቻችን ጣራ ነው። 1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት በሐምሌ ብቻ 200,000 ሊትር ሊሰበስብ ይችላል። በዚያ ቤት የሚጠጣው ውኃ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል የሚሆን ነው። ጣራው ሰፊ፣ አሸንዳው የተሠራ፣ ግቢው ዘበኛ ያለው፣ ፓምፑንም የሚከታተል የጥገና ሠራተኛ በደመወዝ የተቀጠረበት ነው። በግል ቤት የሚገኙት እንቅፋቶች አብዛኞቹ እዚያ የሉም። እንግዲህ ደንብ ይውጣ የሚባል ከሆነ፣ ደንቡ ከደሀው ጣራ ሳይሆን ከመንግሥቱ ጣራ ቢጀምር ሳይሻል አይቀርም።

ደንብ የማውጣቱም ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኩዊንስላንድ በ2007 ለአዲስ ቤቶች ያስገደደችውን ማጠራቀሚያ በ2013 የካቲት ወር አንሥታዋለች። ድርቁ አልፎ ነበር፤ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ፋብሪካም ተሠርቷል፤ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል የሚለው ክርክርም በረታ። የቼናይ ከተማ ያለችበት የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት በ2003 የዝናብ ውኃ መያዝን በሕንፃዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጋ ነበር፤ በ2019 ግን የቼናይ ዋና ዋና የውኃ ማጠራቀሚያዎች ደረቁ። ከዚህ ተነሥቶ ሐሳቡ ከንቱ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በበኩሌ አልስማማም። አውስትራሊያኖቹ ያነሡት ግዴታውን ነው፤ ማጠራቀሚያው በብዙ ቤቶች እስከ ዛሬ ይሠራል። እንዲሁም የነሱ መስመር ሌሊትና ቀን ውኃ ስለሚያመጣ፣ የጣራው ውኃ የሚተካው ርካሽ ውኃ ነበር። በኛ ከተማ የጣራው አንድ ሊትር የሚተካው በቦቴ የሚገዛውን ወይም ጨርሶ የማይገኘውን ሊትር ነው። የሁለቱ ዋጋ አንድ አይደለም።

በአዲስ አበባ የውኃ ሒሳብ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ አብሮ ከፍ ስለሚል፣ የክረምቱን ፍጆታ ከመስመር የሚቀንስ ቤት ትርፉን በወረቀቱ ላይ ያየዋል። ይህ ግን የሮቶና የፓምፕ ዋጋ ቶሎ አይመልስም፤ ይመልሳል ብሎ ለሰው መንገር ማታለል ይሆናል። ሁለተኛውን ሮቶ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በአሸንዳና በአንድ በርሜል ቢጀምር፣ ፓምፑንም ለጊዜው ቢተወው፣ ከነገሩ ውስጥ ግማሹን አግኝቷል። በርሜል ላይ የተቀመጠ ጣሳ መብራት አይፈልግም፤ ከጎረቤት ቧንቧም አይስብም።

ፓምፕ ለመግጠም የቆረጠ ሰው ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ግድም ቢያስጀምር ይሻለዋል። በሐምሌ የቧንቧ ሠራተኛ ማግኘት ይቸግራል፤ ቆርቆሮውም ያዳልጣል። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን ሲጠይቅ ፓምፑን አስነሥቶ ወደ ጎረቤት ቤት መሄድና፣ በዚያ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ጣትን ማስጠጋት ነው።